ቁልቁል የሚወርድ ሀብት

ለንደን በዝናቧ ስሟ የወጣ ከተማ ናት። በዓመት የሚወርድባት ግን 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅና ዳባት ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋሉ፤ ከእነሱ ከፍ ብሎ ያለው የግጭ አምባ ደግሞ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያገኛል። ይሁንና በየጥቂት ዓመቱ ከ"ድርቅ" ጋር ተያይዞ በዜና የምንሰማው የእነዚሁን አካባቢ፣ የሰሜን ጎንደርን ስም ነው። በ2015 ክረምት ዝናቡ ሲያጥር፣ በ2016 ዓ.ም. በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ከብት አለቀ፤ ሰውም ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። ይህን ያህል የሚዘንብበት አገር እንዴት ደረቅ ይባላል?

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ አረፈበት ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ ግማሽ ሚሊዮን ጀሪካን ይሞላል። በሚያዝያ ወር አንዲት ሴት ከዚያው ማሳ ዳር ተነሥታ፣ ገደል ወርዳ፣ አንድ ጀሪካን አዝላ ትወጣለች። ግማሽ ሚሊዮኑ የት ገባ?

አብዛኛው ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው፤ ወርዶም አይሰነብትም። ለንደን ዓመቱን ሙሉ ስታንጠባጥብ ትከርማለች፤ ተራራማው ስሜን ግን የዓመቱን ቀለብ በአንድ ክረምት ይቀበልና ሳይቀምሰው ለቆላው ያሳልፈዋል። እዚህ አገር የሚያጥረው ውሃን የሚያቆም ሜዳ ነው። ይህን ከያዝን የደባርቅን ገበያ፣ የዳባትን ማሳ፣ የሊማሊሞን መንገድ፣ የፓርኩን በር፣ መተማ ለአጨዳ የሚወርደውን ወጣት ሁሉ በአንድ ክር ማየት እንችላለን። እዚህ ያለው ሀብት ሁሉ ቁልቁል ይሄዳል። የሰዉም ኑሮ ከሚወርደው ነገር ላይ የሆነ ቦታ ቆሞ ጥቂት ለማስቀረት የሚደረግ ትግል ነው።

ተራራው ራሱ እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየገነፈለ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ፣ ንብርብር በንብርብር እየረጋ ሰፊ ጉብታ ሠራ። ከዚያ በኋላ ተራው የወንዞች ነበር። ዛሪማ፣ አንስያ፣ በለገዝ፣ መሻሃ ጉብታውን ከየአቅጣጫው እየቆረሱ ድንጋዩንም አፈሩንም ለተከዜ አስረከቡ። ዛሬ ሳንቃበር ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ከእግሩ ሥር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል ያያል። የጅንባር ወንዝም አምባውን እንደጨረሰ ሌላ መንገድ የለውም፤ ራሱን ወደ አየር ይወረውራል። ከሁሉም በላይ ራስ ደጀን አለ። (በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን ነበር ያጠናነው፤ በኋላ የተወሰዱ ልኬቶች ወደ 4,550 አውርደውታል። ተራራው አልቀነሰም፣ የተስተካከለው ሜትሩ ነው።) ከራስ ደጀን እስከ ተከዜ ሸለቆ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አንድ ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከላይ ደበሎ የደረበ እረኛ እጁን በእስትንፋሱ ሲያሞቅ፣ በዚያው ሰዓት ከታች ያለው ፍየል ጠባቂ የጥላ ዛፍ ይፈልጋል።

ከጎንደር በጠዋት የተነሣ ተሳፋሪ ይህን በአንድ ቀን ያየዋል። ኮሶዬን አልፎ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱን ቀምሶ፣ በዳባትና በወቅን በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ያስፈልጋል። ከደባርቅ ቀጥሎ መሬቱ ያልቃል፤ መኪናው ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ይወርድና ዛሪማ ሲደርስ ጋቢው ሸክም ይሆናል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የጤናና የሕዝብ ቁጥር መከታተያ ጣቢያውን ዳባት ላይ ሲተክል ወረዳዋን ተመራጭ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ደጋውም ወይና ደጋውም ቆላውም በአንድ ወረዳ ውስጥ ይገኛሉ።

ከላይ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ የሚዘልቀው ሰብል ገብስ ነው። ስንዴ ከዚያ ቀድሞ ይቀራል፤ ጤፍማ ጭራሽ አይሞክረውም። ገብስ ብርድ ይችላል፣ በስስ አፈር ይበቅላል፣ ያልጠገበ በሬ ባረሰው መሬት ላይም አያሳፍርም። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ጠላው ከእሱ ነው። ከገብሱ ጋር ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይበቅላሉ፤ ፀጉሩ የረዘመው የስሜን በግም ከዚያው ነው። ወደ ታች ሲወረድ ስንዴና ጤፍ፣ ከዚያ ማሽላ፣ ፍየልና ማር ይመጣሉ። አንዱ እርከን ያለው ሌላው የለውም። ስለዚህ የደባርቅ ገበያ የሚቆመው ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት ወገብ ላይ ነው። ከጃን አሞራ የመጣ ገብስ የጫነ አህያ፣ ከአዲ አርቃይ ማሽላ ካመጣ ነጋዴ ጎን ይቆማል። መከሩ በአንድ ሳምንት አይደርስም፤ የአንዱ ጎተራ ሲጎድል የሌላው ይሞላል። ይህ የመከር መዛነፍ ለዘመናት የአካባቢው መድን ሆኖ ኖሯል።

መድኑ የሚፈርሰው ሁሉም እርከን በአንድ ዓመት ሲመታ ነው። ያኔ የሚሆነውን ገበያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለ በጉ ሁሉ በጉን ይዞ ይወጣል፣ ገዢ የለም፣ የበጉ ዋጋ ይወድቃል፤ እህሉ ደግሞ ይወደዳል። ዓምና አንድ በግ ሸጦ ኩንታል ይዞ የተመለሰ ሰው ዘንድሮ በጉን ሰጥቶ የሚያገኘው ለጥቂት ቀን የሚበቃ ነው። የሕንዱ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የእኛን የ1965 እና 1966 የወሎ ረሃብ ሲመረምር የደረሰበትም ይኸው ነው፤ ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ አይደለም፣ በእጁ ያለው ነገር እህል መግዛት ሲያቅተው ጭምር ነው። የስሜን ገበሬ ይህን ለማወቅ መጽሐፉ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ አፈሩ እንውረድ። ቃሉ ራሱ ልክ ነው፤ አፈሩም እየወረደ ነው።

ሃንስ ሁርኒ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የመልክዓ ምድር አጥኚ በ1960ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) በስሜን ፓርክ ኃላፊነት ሲሠራ የገደሉን ውበት ብቻ አላየም፤ ማሳው እየሳሳ መሆኑን ይለካ ጀመር። በኋላ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴር ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ሁርኒ ለኢትዮጵያ የታረሰ መሬት ያወጣው አማካይ ግምት እስካሁን ይጠቀሳል፤ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል። በገበሬ ቋንቋ 420 ኩንታል ማለት ነው። ባለማሳው ከዚያ ሄክታር 20 ኩንታል ገብስ ቢያፍስ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል ገብስ 21 ኩንታል አፈር ከፍሏል። ይህ እንግዲህ የአገር አማካይ ነው፤ ተዳፋቱ እንደ ስሜን ሲሆን ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ለገብስ የሚታረስ መሬት በማረሻ ደጋግሞ ይገላበጣል፤ ዘሩ ሲዘራ ማሳው ራቁቱን ነው። የሰኔና የሐምሌ ዶፍ የሚያገኘው ገና ሥር ያልያዘ ቡቃያ ነው። ጠብታው አፈሩን ይፈረክሰዋል፣ ጎርፉ ይጠርገዋል፣ ቦረቦሩ በየዓመቱ አንድ ክንድ ወደ ላይ ይበላል። ለበለጠ ምርት ሲባል ወደ ባሰ ተዳፋት በተወጣ ቁጥር የሚወርደውም ይበዛል።

የት ይደርሳል? ከፊሉ ተከዜ ግድብ ላይ ይተኛል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው፤ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ከስሜን የወረደው ውሃ ተርባይን ይዘውራል፣ ውሃው የተሸከመው አፈር ግን ግድቡ ሥር ይቀራል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ጉዞው ይረዝም ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1964 በአትባራ ወንዝ ላይ የኻሽም አልጊርባን ግድብ ሠራች፤ በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሃልፋ የተፈናቀሉትን ኑቢያውያን በመስኖ ለማስፈር ነበር። ግድቡ በአርባ ዓመት ውስጥ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል ለደለል አስረከበ። ደለሉ ከኢትዮጵያ ደጋ፣ ከእነዚህም ከስሜንና ከወገራ ማሳዎች የሄደ ነው። የስሜን ገበሬ የማያውቃቸው ሰዎች፣ እሱን የማያውቁት ሰዎች፣ የእሱን መሬት ከቦያቸው ውስጥ በአካፋ ሲያወጡ ኖረዋል።

በአካባቢው ያለው መልስ እርከንና ክትር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በልማታዊ ሴፍቲኔት ብዙ ድንጋይ ተነሥቷል፣ ብዙ እርከን ተሠርቷል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ግን ስለ አንድ ነገር በቂ አይነገርም፣ ስለ ኩበት። አስታውና ኮሶው ከመንደሩ ዙሪያ ከራቀ በኋላ የደጋው ምድጃ የሚነደው በኩበት ነው። ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር ያለ እሳት መኖር አይቻልም። ስለዚህ ወደ ማሳው መሄድ የነበረበት የላም እበት በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይደርቅና ምጣድ ሥር ይገባል። መሬቱ ሳይበላ ያበላል። በምትኩ ማዳበሪያ ይገዛል፤ ማዳበሪያው ሲወደድ ወይም ወረፋው ሲዘገይ ገብሱ ይቀጭጫል። ባሕር ዛፍ የተስፋፋው በዚህ መካከል ነው። ባሕር ዛፍን ውሃ ይመጥጣል፣ አፈር ያደርቃል ብሎ መውቀስ ከተማ ለተቀመጠ ሰው ቀላል ነው። ለባለማሳው ግን ባሕር ዛፍ የማገዶ ምንጭ፣ የቤት ማገርና እንጨቱ ተሸጦ ብር የሚገኝበት፣ ቁጠባ የሚመስል ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ተዳፋት አያስፈራውም፤ ሌላው ሲወርድ እሱ ቆሞ ይቀራል።

እስካሁን ያየነው ከላይ ወደ ታች የሚሄደውን ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነገርም ነበር፤ በአንድ ወቅት የዚህን አገር ጌቶች ያበለጸጋቸውም እሱ ነው። ከምጽዋ የባሕር ዳርቻ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ አክሱምን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን መውጣት ነበረበት። ጨው፣ ጨርቅ፣ በኋላም ጠመንጃ በዚህ በኩል ወጣ፤ ማር፣ ሰም፣ ዝባድ በዚህ በኩል ወረደ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ይህን አቀበት ወጥቶ ጎንደር ሲገባ፣ ስለ መንገዱ አስቸጋሪነትም ስለ ቀረጥ ሰብሳቢዎቹም ጽፏል። ገደል ለነጋዴ መከራ ነው፤ ለቀራጭ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ነጋዴው ዞሮ የሚያመልጥበት ሌላ መንገድ ስለሌለው ኬላው አጥር አያስፈልገውም።

የስሜኑን ገዥ የደጃዝማች ውቤን ኃይል በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። ስሜንን ይዞ ትግራይን ሲጨምር መንገዱን ከሁለት ጫፍ ጨበጠው። ወደ ባሕር የሚያወጣው በር ጠመንጃ ሰጠው፤ ተራራው መሸሸጊያ ሰጠው። ደረስጌ ላይ ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ቪልሄልም ሺምፐር የተሳተፈበትን የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ በዚያ ዘውድ ሊደፋ አስቦ ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ አሸንፈው፣ ለሌላ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ተቀቡ። ውቤ ተራራውን ለመከታ፣ በሩን ለገቢ ይዞ ለብዙ ዓመታት ኖሯል፤ የደረስጌው ውጊያ በአንድ ቀን ሁለቱንም ወሰደበት።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ያንኑ አቀበት ለመኪና ጠረበው። የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ደባርቅ የመኪና ከተማ ሆነች፤ ሹፌር የሚያድርባት፣ ሞተር የሚቀዘቅዝባት፣ ሽንኩርትና ድንች የሚጫንባት።

ስለ ተፈጥሮ ሀብት ሲነሣ ሁልጊዜ ስለ ባለመሬቱ ብቻ ይወራል። መሬት የተከለከለውስ? በስሜንና በወገራ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በተራራው ምሽግ ለረጅም ዘመን ራሱን ሲያስተዳድር ቆይቶ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሸነፈ፤ ርስቱንም አጣ። መሬት የሌለው ሰው ከመሬት በታች ያለውን ያዘ፣ ሸክላውንና ብረቱን። ወንዱ ቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ጠገራው ከእነሱ እጅ ወጣ፤ ውሃው የሚቀዳበት እንስራ፣ ጠላው የሚጠመቅበት ጋን፣ እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድም እንዲሁ። ባለርስቱ ያለ እነሱ ማረስ አይችልም ነበር፤ ይሁንና በቀን በማረሻቸው ሲያርስ ውሎ ማታ ቡዳ እያለ ይሰድባቸዋል። ያሳፍራል፤ ያሳፍራል ተብሎም ሊታለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ አንድ ሙሉ የሥራ ዘርፍ አብሮ ከገበያው ወጣ። ላስቲክና ቆርቆሮ ቦታውን ያዙት።

ከሁሉም በላይ ቁልቁል የሚወርደው ሰው ነው። በሰኔ መጨረሻ፣ ደግሞም ከመስከረም በኋላ፣ በደባርቅና በዳባት መናኸሪያ ፌስታል የያዙ፣ ነጠላቸውን በአንገታቸው የጠመጠሙ ወጣቶችን ታያላችሁ። መድረሻቸው መተማ፣ አርማጭሆ፣ ሁመራ ነው፤ መጀመሪያ ለአረም፣ ቀጥሎ ለሰሊጥ አጨዳ። ሰሊጥ የሚታጨድበት ጊዜ አጭር ነው፤ ካለፈ ፍሬው ከቆባው ይረግፋል። ስለዚህ ባለሀብቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እጅግ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ደጋው ደግሞ በዚያን ጊዜ ገብሱ ገና ስላልደረሰ የሚተርፍ እጅ አለው። የአንዱ ችኮላ ከሌላው ፋታ ጋር ገጠመ። ቤተሰብ ያለው ብር ይዞ ይመለሳል። ብዙ ክረምት እዚያው የቆየው፣ ከእርሻ እርሻ እየዞረ የሚኖረው፣ አገር ቤት መግባት የተወው ደግሞ በቆላው ቋንቋ "ሳሉግ" ይባላል።

ከብሩ ጋር ሌላም ነገር ይወጣል። ደገኛው ወባን አይለምድም። በቆላው ከግራር ሥር፣ ከተሰነጠቀው ጥቁር አፈር አጠገብ ውጭ የሚያድር ሠራተኛ ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ይነድፈዋል፤ ካላዛር የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በእሷ ነው። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። ጎንደር ያለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ከሰሊጥ አገር የሚመለሱ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን ሲያክም ኖሯል። የስሜንን ኢኮኖሚ በስሜን ድንበር ብቻ መለካት የማይቻለው ለዚህ ነው። የአንድ የጃን አሞራ ቤት ቆርቆሮ የተገዛው በሰሊጥ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤቱ ለቅሶም ከዚያው የመጣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ከሁሉ ዘግይቶ ወደ ተቋቋመው ኬላ እንመጣለን። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተደነገገ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው፤ ጎብኚው ትኬት የሚቆርጠው፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት የሚመደብለት፣ አስጎብኚ፣ ወጥ ሠሪና በቅሎ የሚከራየው እዚያ ነው። ውቤ ጨው የጫነውን እንዳስቀረጠ ደባርቅም ካሜራ የያዘውን አስቆመች። ልዩነቱ፣ አሁን የሚሸጠው ነገር ከቦታው አይነሣም። ጎብኚው ገደሉን አይቶ፣ ጭላዳ ሣር ስትነጭ ፎቶ አንሥቶ፣ ዋልያን በመነጽር ፈልጎ ይሄዳል፤ ገደሉ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁለቱ ራሱ ሀብት ሆነ።

ግን ዕይታውን ለመሸጥ ግጦሹ መዘጋት ነበረበት። በደርግ ዘመን ከሰሜኑ ገደል ሥር የነበሩ መንደሮች በግዴታ ተነሡ፤ ቅሬታው ዛሬም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከምክንያቶቹ ውስጥ የእርሻው መስፋፋት፣ ግጦሹና የዋልያው ቁጥር ማነስ ነበሩበት። ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀበት፤ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ወጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከፓርኩ እምብርት፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ከነበረችው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ካሣ ተከፍሏቸዋል፣ የቤት ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ለሣሩ ጠቅሞታል፤ ጓሳው አገግሟል። ግን የገብስ ገበሬ ካሣ ይዞ ከተማ ሲገባ የሚያስፈልገው ብር ብቻ አይደለም። በአምባው ላይ አፈር ማንበብ፣ ብርድ መቁጠር፣ በግ ማርባት ያውቅ ነበር፤ ይህ ዕውቀት አስፋልት ዳር ኪዮስክ ለመክፈት ብዙ አይረዳም። ጉዳዩን ያቀዱት ሰዎች ስለ ቤቱ ያሰቡትን ያህል ስለ ሙያው ያሰቡ አይመስለኝም።

ደግሞም ይህ ኬላ ከድሮው ይልቅ ስስ ነው። ጨው የጫነ ነጋዴ ሽፍታ ቢፈራም ይመጣ ነበር፣ ጨው ግድ ነውና። ጎብኚ ግን ግድ የለበትም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በሩን ዘጋው። በ2013 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ከአክሱም ጋር የሚያገናኘው መንገድ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ውጊያው ራሱ እስከ ዳባት ወረዳ፣ እስከ ጭና ደረሰ፤ ሰላማዊ ሰዎች አለቁበት። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ቀሪውን አራቀው። ስካውቱ፣ በቅሎ ነጂው፣ ሎጁ ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ተመልሰው ወደ ገብሱ ዞሩ። ዋልያውም በእነዚህ ዓመታት ቁጥሩ በእጅጉ ቀንሷል።

ስሙ ግን በሽያጭ ላይ ነው። ራስ ደጀን "ዳሸን" ተብሎ በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ለተቋቋመው ቢራ ፋብሪካ ስም ሆነ፤ በኋላ ሌላ ኩባንያ ዋልያውንም በጠርሙስ ላይ አወጣው። አዲስ አበባ ተቀምጦ "አንድ ዳሸን፣ ሁለት ዋልያ" የሚያዝ ሰው የስሜንን ተራራና ፍየል በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። የሚገርመው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ጭምር ለስሜን ቅርብ መሆኑ ነው፤ ገብስ ነዋ። ጎንደር የብቅል ፋብሪካ ካቆመች ወዲህ ለወገራ፣ ለዳባትና ለደባርቅ ገበሬ አዲስ ገዢ መጥቷል። ችግሩ የቢራ ገብስና የእንጀራ ገብስ አንድ አለመሆናቸው ነው። ብቅል ሠሪው ፍሬው ወጥ የሆነ፣ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ ዝርያ ይፈልጋል። ገበሬው የቤቱን ገብስ ትቶ የፋብሪካውን ሲዘራ፣ ዋጋው ቢወድቅ ወይም ጥራቱ አልደረሰም ቢባል፣ ለቤቱ የሚመርጠውን ዘር አልዘራም። ጥቂቱን እየሞከረ ብዙውን ለራሱ የሚያስቀር ገበሬ ብዙ ጊዜ "አዲስ ነገር አይቀበልም" ይባላል። እኔ ሒሳቡ ትክክል ይመስለኛል።

ይልቅ የደባርቅንና የዳባትን ጓሮ በዝምታ የለወጠው ነጭ ሽንኩርት ነው። ድንች ከባድ ነው፤ በአንድ ሰሞን ይደርሳል፣ ሁሉም በአንዴ ያወጣዋል፣ ሰፈር ሙሉ ጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል፣ የጠበቀው ካልመጣ ይበሰብሳል። ለተዳፋት አገር የሚስማማው ክብደቱ ያነሰ፣ ዋጋው የከበደ፣ ደግሞም መቆየት የሚችል ነገር ነው። የድሮ ነጋዴ ሊማሊሞን ያወጣውና ያወረደው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ያለ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ሦስቱንም አሟላ። ትንሽ ምንጭ ያለው ሰው በቦይ መርቶ ያጠጣዋል፤ ክትር የያዘው ደለል ላይም ይተከላል፣ ከላይኛው ማሳ የታጠበው አፈር እዚያ ወፍሮ ተኝቷልና።

ከተነቀለ በኋላ ይደርቅና ይጎነጎናል፤ ጉንጉኑ ከምድጃው ጢስ ከፍ ብሎ ማገሩ ላይ ይሰቀላል። ነጋዴው መጥቶ የዘንድሮን ዋጋ ሲነግራት የቤቱ እመቤት ቀና ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ ቡና ታቀርብለታለች። ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የማዳበሪያ ወረፋ ሲደርስ፣ ወይም ከመተማ ልጁ ታሟል የሚል ስልክ ሲደወል፣ አንድ ጉንጉን ይወርዳል።